ቢጫ ያለቀበት ሥዕል

ባለፈው ሐሙስ ነቀምቴ መናኸሪያ በር ላይ ባጃጅ ስጠብቅ አንዲት ሴት አጠገቤ ቆማ ብርቱካን ላጠች። ልጣጩ በጥፍሯ ሥር ተሰንጥቆ ደቃቅ ጠል ረጨና ሽታው ቀጥ ብሎ መጣብኝ። ብርቱካን በየቀኑ የሚሸተት ነገር ነው፤ ይኼ ግን ከቆላዋ ከተማ ከኡኬ የመጣ ብርቱካን ነበር። ከላይ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ ውስጡ የሚበስል፣ ልጣጩ ወፍራም፣ ሽታው ሹል። «ከኡኬ ነው አይደል?» አልኳት። «አዎ» አለች፣ ከእግሬ እስከ ራሴ እያየችኝ። «ስንት ገዛሽው?» «አንዷን ሠላሳ አምስት።» ፊቴ ላይ ምን እንዳየች አላውቅም፤ ብቻ ሁለት ቁራሽ ገምሳ ሰጠችኝ። ባጃጁ መጥቶ ሄደ፤ እኔ ፍሬውን እየመጠጥኩ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ገና ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ «በኛ ጊዜ» ብሎ ወሬ የሚጀምር ሰው እንደሚሳቅበት አውቃለሁ። ግን ዋጋ ሰውን ቶሎ ያስረጃል። እኔ አምስት የኡኬ ብርቱካን በአሥር ብር ገዝቼ ስድስተኛዋን በምርቃት የተቀበልኩ ሰው ነኝ። ከነቀምቴ ኡኬ በአሥራ ሁለት ብር ሄጃለሁ። ይኼን ለባጃጅ ነጂዎቹ ስነግራቸው በማርትሬዛ የገበየ ሽማግሌ ያገኙ ይመስል ዙሪያዬን ይከባሉ። መንገዱም ቢሆን ሌላ ነበር። ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ከዚያ የመጣ ሹፌር ፈልጎ «ዛሬ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ያኔ የምንጠይቀው መስኮት አጠገብ ቦታ መኖሩን ብቻ ነበር።

ሱቄ ከመናኸሪያው ወደ ስታዲየሙ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ በአንድ ብረት ቀጥቃጭና በአንድ ሙዚቃ ጫኝ መሐል የተሸጎጠች የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ሙዚቃ ጫኝ ማለት ዛሬ ላይ ማስረዳት ያስፈልጋል። ሰው ስልኩን ይዞ ይመጣል፤ ባለ ሁለት ሲም፣ ድምፁ ከቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ የማያንስ የቻይና ስልክ ነው። ልጁ አንዱን ዘፈን በአንድ ብር ይጭንለታል። ደንበኛ እስኪመርጥ ድረስ ከጠዋት እስከ ማታ ሁሉም ነገር ይዘፈናል፤ አንዱ ኦሮምኛ ዘፈን ሲያልቅ የጎጃም እስክስታ ይቀጥላል፤ ከእሱ በኋላ የኳየር መዝሙር፣ ከዚያ መለስ ብሎ ልብ የሚሰብር የፍቅር ዜማ። ቀጥቃጩ በመዶሻው እየተከተለ ይመታ ነበር። እኔም ብሩሼን ከነሱ ጋር አስኬዳለሁ። የመዝሙር ሰዓት የጻፍኳቸው ፊደላት ቀጥ ያሉ፣ የእስክስታ ሰዓት የጻፍኳቸው ትከሻቸው የተንቀጠቀጠ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የዘመኑ ልብስ ደግሞ እግር ላይ የተጣበቀ ሱሪ፣ ጫፉ የሾለ ጫማ፣ ሰሃን የሚያህል መቆለፊያ ያለው ቀበቶ ነበር። የኔ ሱሪ ላይ ብዙ ቀለም ስለፈሰሰበት አንዳንድ ጎረምሶች የት እንደሚሸጥ ይጠይቁኝ ነበር። ከጫማ መሸጫው ጎን ነው እያልኩ እልካቸዋለሁ።

ሥራዬ የማስታወቂያ ሰሌዳ መጻፍ ነበር፤ ከላይ በኦሮምኛ፣ ከታች በአማርኛ፣ በጎን ሥዕል። ዛሬ ይኼን ሁሉ ማሽን ያትመዋል፤ እኔም ራሴ አትማለሁ፤ ባነሩ ከነሽታው ትኩስ ሆኖ ይወጣል፣ በሦስተኛው ክረምት ይነጣል። በዚያ ዘመን ግን ሰሌዳ የሰው እጅ ነበረበት። እኔ ደግሞ ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ ግጥም በራሴ የተማርኩ ሰው ስለነበርኩ ያልታዘዝኩትን እጨምር ነበር። ከሱቄ ትይዩ ለነበረው ጁስ ቤት ሰሌዳ ስሠራ ባለቤቱ «ጁስ ቤት» ብቻ በል አለኝ። እኔ ከሥሩ፣

ማንጎው ከዲጋ ነው፣ ሙዙ ከጓሮ፤
አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ ማን ያሰማል ሮሮ?

ብዬ ጨመርኩ። ባለቤቱ ተቆጣ፣ ደንበኛ ሲበዛለት ግን ዝም አለ። ነገሩን ለመናዘዝ ያህል፣ ግጥሙ የተጻፈው ለባለቤቱ ሳይሆን ገንዘብ ተቀባይዋ እንድታነበው ነበር። አነበበችው፤ «ሮሮ» ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ስነግራት ሳቀች። እኔ ለዚያ ሳቅ ስል ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በቢጫ ላኩር ቀለም ለበጥኩት። በከተማው ውስጥ የቀረችው የመጨረሻዋ የቢጫ ቀለም ቆርቆሮ እዚያ ላይ አለቀች። ይኼን ያዙልኝ፤ ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በዚያው ሰሞን ገመቹ ሱቄ መጣ። ገመቹ የዞኑ የፍራፍሬ ባለሙያ ነበር፤ አርባ የሞላው፣ ካኪ ኮፍያ የማያወልቅ፣ እሑድ እሑድ በኳየር ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝ ሰው። ሞተር ብስክሌቱን ሲያቆም ራሱ ሞተሩ የሚዘምር ይመስላል።

«ያ ኦቦሌሳ» አለኝ፤ ወንድም ሆይ ሲል ነው። «ዛፍ መሳል ትችላለህ?»

«ጥርስ ነቃይ ቤት ሰሌዳ ላይ መንጋጋ ሥያለሁ» አልኩት። «ዛፍ አያቅተኝም።»

«ጤነኛ ዛፍማ ማንም ይሥላል። እኔ የምፈልገው የታመመ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። በአካባቢው ብርቱካንና ማንጎ፣ ኮክም ጭምር በፈንገስ እየተጎዳ ነው። ገበሬው ግን አንዱን በሽታ ከሌላው አይለይም፤ የተጻፈ ወረቀት ቢሰጠው ሚስቱ በርበሬ ትቋጥርበታለች። ስለዚህ ገመቹ በነጭ አቡጀዴ ላይ በትልቁ የተሣሉ፣ ለመጀመሪያው የብርቱካኑን በሽታ ብቻ የሚያሳዩ ሰባት አንድ ዓይነት ሥዕሎች ፈለገ፤ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ሰው ቅጠሉን ይዞ መጥቶ የሚያስተያያቸው።

የማላየውን አልሥልም ስላልኩ በሞተሩ ይዞኝ ዞረ። መጀመሪያ አርጆ ወጣን። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። አንዲት እናት ጓሮ የነበረው የኮክ ዛፍ ቅጠሉ ቀልቶ፣ ተጨማዶና አብጦ፣ እሳት የላሰው ቆዳ መስሎ ነበር። ሴትዮዋ በረዶ ነው የመታው አሉ፤ ጎረቤታቸው የሰው ዓይን ነው አለች፤ ገመቹ ሁለቱንም ሳይቃወም «ፈንገስም አለበት እማዬ» አላቸው። በሌላ ቀን ወደ ዲጋ ቆላ ወረድን። እዚያ አንድ የብርቱካን ዛፍ ሥር አስቀመጠኝና ሁለት ቅጠል በሁለት መዳፌ ላይ አደረገ። ሁለቱም ጥቁር አለባቸው።

«የቱ ነው የታመመው?»

«ይኼ» አልኩ፤ ይበልጥ የጠቆረውን። ድፍን ብሎ ከል የለበሰ ነበር።

ሳቀብኝ። አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ የጠቆረውን ቅጠል አሸት ሲያደርገው ጥቁሩ እንደ ድስት ጥላሸት ተነሣ፤ ከሥሩ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ወጣ። ገለበጠው። ከጀርባው ቅርፊት የሚመስሉ ጥቃቅን ነፍሳት ተለጥፈውበታል። «እነዚህ ጣፋጭ ነገር ያንጠባጥባሉ፤ ጥቁሩ ሻጋታ ያንን እየላሰ ይኖራል። እሱም ፈንገስ ነው፣ ግን ደጅ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ነው። ሳሙና ያስነሣዋል። ይኼኛውን እየው።» ሁለተኛው ቅጠል ላይ ያለው ነጥብ የምስር ፍሬ ቢያህል ነው፤ ቡናማ፣ መሐሉ ግራጫ፣ ዙሪያውን የደበዘዘ ቢጫ ቀለበት ከቦታል። ብናሸው አይለቅም። ወደ ፀሐይ ሲያነሣው ቀለበቱ እንደ መብራት በራ። «ይኼ ቤት ውስጥ ገብቷል። ፍሬውን የሚያረግፈው ይኼ ነው። ስማኝ፣ ቢጫዋን ቀለበት እንዳትረሳ። ያለሷ በሽታው አይታወቅም።»

«አልረሳም» አልኩት። እውነትም አልረሳሁም፤ ቢጫ ነው ያጣሁት።

ገመቹ ለስልጠና ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ ስለነበር ሥዕሎቹን በሁለት ሳምንት ጨርሼ ለጽሕፈት ቤቱ እንዳስረክብ ነግሮኝ ሄደ። ነቀምቴን አዳረስኩ፤ ቢጫ የሚባል የለም። «ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው» ይሉኛል። ሰማያዊ ሞልቷል፣ ቀይ ሞልቷል፣ ጥቁር በበርሜል አለ። በሰሌዳ ሥራ ያለኝ ልምድ ደግሞ አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ ከመንገድ ማዶ የማይታይ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል። የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ ማን ያያታል? ነጥቦቹን አተለቅኋቸው። ያለ ቢጫው ደብዝዘው ስለታዩኝ አጠቆርኳቸው። ከዚያም አንዱን ከሌላው አገናኘኋቸው፤ ቅጠሉ ግማሹ በጥቁር ተሸፈነ፤ አስፈሪ ሆነ፤ ደስ አለኝ። ገመቹ ከታች በኩል የታመመ ቅርንጫፍ የሚቆርጥ የመግረዣ መቀስ ሣል ብሎኝ ነበር። መቀስ ለዓይን አይሞላም። ምሳር ሣልኩ፤ ስለቱ የሚያበራ፣ ግንዱ ሥር የተጋደመ። ይኼንኑ በሰባቱም አቡጀዴ ላይ ደግሜ ሥዬ አስረከብኩ። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የነበረች ጸሐፊ «ውይ፣ እንዴት ያስፈራል!» ስትል ሠዓሊነቴ ተመሰከረልኝ ብዬ ወጣሁ።

አንድ ሳምንት ያህል እንደቆየ፣ ዓርብ ቀን፣ ኮት የለበሰና ጃንጥላ በክንዱ ያንጠለጠለ ሰው በሩ ላይ ቆመ። በሌላ እጁ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«አካም ኦልተን» ብሎ ሰላምታውን ካዳረሰ በኋላ፣ «ያ ሠዓሊ፣ የብርቱካኑን ሥዕል የሠራኸው አንተ ነህ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

ጆንያውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «ተሬሳ እባላለሁ፣ ከኡኬ ነኝ። ዓይናችንን አበራህልን! ምሳር ላስል ጎረቤትህ ዘንድ መጣሁ፤ ሠዓሊውን ሳላመሰግን አልመለስም አልኩ።»

እንዲህ ያለ ነገር ከሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። በርጩማ ሰጠሁት። ለስላሳ ላስመጣ ስል አልጠጣም አለኝ፤ በግድ አስመጣሁ። በዚያ ጊዜ ለስላሳ ስድስት ብር ነበር፤ ለማንም አላደርገውም።

«አዴ ጫልቱ የሚሏት ጎረቤት አለችኝ» አለ ጠርሙሱን እያሽከረከረ፤ አዴ ወይዘሮ ማለት ነው። «ባሏ የሞተባት። አጥሯ ከአጥሬ ነው። አሥራ አንድ የብርቱካን ዛፍ አላት፤ ልጇን እዚህ ነርስነት የምታስተምረው በሱ ነው። ዘንድሮ ዛፉ ጥቁር ለበሰ። ምን እንደሆነ ሳናውቅ ከረምን። ሥዕልህ ሲመጣ ቅጠሏን ወስደን ከጎኑ ያዝነው። ቁርጥ ራሱ! ነገ ደቦ ጠርተናል። ወደኛ ሳይሻገር ጥለን እናቃጥለዋለን።»

«ቅርንጫፉን?»

«ዛፉን ነዋ። ምሳሩን የሣልከው አንተ አይደለህም?»

«አሥራ አንዱንም?»

«አሥራ አንዱንም።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ምን ትላለች፣ አለቀሰች። ከዚያ 'የጎረቤቶቼን ከሚጨርስ የኔ ይሂድ' አለች። ደግ ሴት ናት።» ለስላሳውን ጨርሶ እያመሰገነ ተነሣ። «ገለቶሚ፣ ያ ሠዓሊ። እጅህ ይባረክ።»

አሁን ስናገረው ቀላል ይመስላል፤ «ቆይ፣ ሥዕሉ ስህተት አለበት» ማለት አራት ቃል ነው። አላልኩም። ምስጋናው ገና ጆሮዬ ላይ ትኩስ ነበር። ተሬሳ ጆንያውን በብብቱ ይዞ ሲሻገር ቆሜ አየሁት። ከማዶ የጁስ ቤቱ ሰሌዳ በከሰዓቱ ፀሐይ በቢጫ ይነድዳል። ገመቹ ጋ ስደውል የቴሌዋ ሴት የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ከአገልግሎት መስጫ ክልል ውጭ ናቸው አለችኝ፤ ደጋግሜ ብደውልም መልሷን አልቀየረችም። ገንዘብ ተቀባይዋ ከማዶ «ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል» ብላ ጠራችኝ። ነገርኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። «ነገ በመጀመሪያው መኪና ሂድ» አለች። «ካልሄድክ ያንን ግጥምህን እኔ ራሴ በቤንዚን አጠፋዋለሁ።»

ሄድኩ። ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሙቀቱ እየጨመረ፣ ሹራብ የለበሰው ሁሉ እየገፈፈ፣ ረዳቱ በሁለት ቋንቋ እየተሳደበ ኡኬ ገባን። የአዴ ጫልቱን ቤት መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከመንገዱ ዳር ብርቱካኖቹ ይታያሉ፤ ከሥራቸው ሃያ የሚሆን ሰው አለ፤ ምሳሮቹ አጥር ላይ ተደግፈው ያብረቀርቃሉ። ገና አልጀመሩም። ያልጀመሩት እየበሉ ስለሆነ ነው። በደቦ ደንብ የመጣውን ሰው የሚያበላው ሥራው የሚሠራለት ሰው ነው፤ አዴ ጫልቱ ደግሞ ደንብ የምታጎድል ሴት አይደለችም። ዛፎቿን ሊጥሉ ለመጡ ሰዎች ከሌሊት ተነሥታ ጩምቦ ጋግራ፣ ያንን ወፍራም ቂጣ በቅቤና በቆጭቆጫ በርበሬ አርሳ፣ ለእያንዳንዱ በእጇ እየቆረሰች ታዞር ነበር። ረጅም ሴት ናት። ሻሿን ወደ ኋላ አስራለች፤ ዓይኗ አብጧል።

እኔን ስታይ የደቦ ሰው መሰልኳት። «ኮቱ፣ ያ ኢልመ ኮ» አለችኝ፤ ና ልጄ ማለቷ ነው። «መጀመሪያ ብላ።» ትልቅ ቁራሽ እጄ ላይ አደረገች።

ቁራሹን እንደያዝኩ ቆምኩ። ተሬሳ ከሰዎቹ መሐል አይቶኝ ብድግ አለ። «ኧረ ሠዓሊው! እነሆ ሰዎች፣ የነገርኳችሁ እሱ ነው! ሥራውን ሊያይ መጣ!»

ሁሉም «እሰይ» አሉ። ከዚህ በላይ ማዘግየት አልቻልኩም።

«ሥዕሉ ስህተት ነው» አልኩ።

«ማን ነው ያለው?»

«የሠራው ሰው።»

ተሬሳ ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ትናንት እጅህን ይዤ ሳመሰግንህ አፍህ የት ነበር?»

«ምስጋናው ጣፍጦኝ ነው።»

ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሳቃቸው አምልጧቸው ጩምቦው ትን አላቸው፤ ጎረቤታቸው ጀርባቸውን መታ መታ አደረጋቸው። ሌላው ግን አልሳቀም። «እኛ ምሳር አስለን፣ ሥራ ፈትተን መጥተናል» አለ አንዱ። «ቀለም የሚቀባ ሰው በምን ያውቃል?» እውነቱን ነው። በምን አውቃለሁ? ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቢጫው እንዳለቀ፣ ነጥቦቹን እንዳተለቅኋቸው፣ ምሳሩን ከራሴ እንደጨመርኩ። ስለ ጁስ ቤቱም ነገርኳቸው፤ የገንዘብ ተቀባይዋን ነገር ብቻ ዘለልኩ። ከዚያ ከቅርቡ ዛፍ አንድ ከል የለበሰ ቅጠል ቆርጬ በጣቴ ላሸው ስል አዴ ጫልቱ ከእጄ ወሰደችው።

ጩምቦው የተሸፈነበትን እርጥብ ጨርቅ አንሥታ አንዴ ጠረገችው። አረንጓዴ ወጣ። ጨርቁን አየችው፤ ጥቁር ሆኗል። ወደ ዛፉ ሄዳ፣ ሳትቆርጥ፣ ሌላ ቅጠል ጠረገች። አረንጓዴ። ሌላ። ሌላ። ቅርንጫፉን ተከትላ ትጠርጋለች። ሃያ ሰው ያያታል።

«መጀመሪያው ይሆናል» አለ ተሬሳ፤ ድምፁ ግን ቀንሶ ነበር። «ከላይ ጀምሮ ወደ ውስጥ ይገባ ይሆናል። እውነተኛው በሽታ ምን እንደሚመስል አሳየን ታዲያ!»

«የታመመ ዛፍ ያስፈልገኛል።»

አንዲት ሴት ከምድጃው በኩል፣ «የተሬሳ ፍሬ አይደል እንዴ ሳይበስል የሚረግፈው?» አለች። ሚስቱ ናት።

«አንቺ ደግሞ!» አለ ተሬሳ። ግን አጥሩን ተሻገርን፤ ሁሉም፣ ጩምቦውን እንደያዘ። የተሬሳ ዛፎች ከሩቅ ንጹሕ ናቸው፤ ጥቁር የሚባል አልነካቸውም። ለዚህም ነው ማንም ከሥዕሉ ጋር ያላስተያያቸው። ጠጋ ብዬ አንድ ቅጠል ያዝኩ። ነጥብ፤ የምስር ፍሬ ቢያህል ነው፤ መሐሉ ግራጫ። ወደ ፀሐይ አነሣሁት። ቀለበቱ በራ።

ተሬሳ ቅጠሉን ነጥቆ አውራ ጣቱን ምራቁ ላይ ነክሮ አሸው። ደግሞ አሸው። በኮቱ እጅጌ ፈተገው። ሌላ ቅጠል አመጣ፤ እሱንም አሸው። በመጨረሻ እጁን ዝቅ አድርጎ፣ አጥሩ ላይ ተደግፈው ወደሚያበሩት ምሳሮች ተመለከተ። አንደኛውን ትናንት እሱ ራሱ ያሳለው ነው።

«እንግዲህ የኔ ይሂድ» አለ። «ደንብ ደንብ ነው። እሷ እሺ ብላ የለም?»

አንድ ሰው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። አዴ ጫልቱ ጨርቋን እንደያዘች ከአጥሩ ማዶ፣ «ተሬሳ፣ አትቃዥ» አለች። «ዛሬ ጩምቦዬን የበላ ሰው የማንንም ዛፍ አይጥልም።»

ይኼኔ ነው ገመቹ የነገረኝ ሁሉ ከአፌ የፈሰሰው። ዛፍ አይጣልም፤ የታመመው ቅርንጫፍ ይገረዛል፤ የረገፈው ቅጠልና ፍሬ ተለቅሞ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፤ የተጨናነቀው ተከፍቶ ነፋስ ይገባበታል፤ መድኃኒቱን ባለሙያው ሲመለስ ይነግራል። «ያኛው ጥቁሩስ?» አሉ ትን ያላቸው ሽማግሌ። «ሳሙና» አልኩ። «ቅጠሉን ከነጀርባው ማጠብ ነው።»

«ዛፍ ገላ ሊታጠብ!» ብለው እንደገና ሳቁ፤ አሁን ሁሉም ተከተላቸው።

እንደዚያ ያለ ደቦ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ግማሹ ሰው ተሬሳ ጋ ቀርቶ ሲገርዝና ጉድጓድ ሲቆፍር፣ ግማሹ አዴ ጫልቱ ጋ ተመልሶ ባልዲ፣ ድስት፣ ጀሪካን ሰበሰበ። ከመንገድ ማዶ ካለው ሱቅ የልብስ ሳሙና ተገዛ፤ አራት ብር ነበር አንዱ፤ ባለ ሱቁ ማን ሠርግ ደገሰ ብሎ ሊያይ ወጣ። ምሳር ይዘው የመጡ ትልልቅ ሰዎች መሰላል ላይ ወጥተው ቅጠል በቅጠል እየያዙ፣ የሕፃን ጆሮ እንደሚጠርግ ሰው፣ ከኋላም ከፊትም ያጥባሉ። አረፋው በሸሚዛችን አንገት ይገባል። «እዚህ ጋ ዘለልክ!» «አንተ የታችኛውን እየው!» ይባላል። መንገደኛ መኪና ቆሞ ይጠይቃል፤ መልስ የሚሰጠው ግን ሁሉም በየፊናው ነው። አዴ ጫልቱ እኔን ከሁሉም ረጅሙ ዛፍ ላይ መደበችኝ። «በቀለም ያቆሸሸው ሰው ጫፉን ይጠብልኝ» አለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አሥራ አንዱም እያንጠባጠቡ ቆመው ነበር። ተሬሳ በአጥሩ ማዶ አፈር በአፈር ሆኖ ቆሞ፣ «የኔን ስትቀብሩ የሷን ታስጌጣላችሁ» እያለ ያጉረመርማል።

ገመቹ ሲመለስ ሁሉንም አስቀድሞ ሰምቶ ነበር፤ እንዲህ ያለ ወሬ በእግሩ አይሄድም። ሱቄ ገብቶ ኮፍያውን አወለቀ። ያለ ኮፍያ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ራሰ በራ ነበር።

«ያ ኦቦሌሳ፣ አንተ ከፈንገስ ትብሳለህ» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ስድስቱን ደህና አድርገን እናርማለን። ኡኬ ግን ራስህ ሂድ።»

ቢጫው በዚያ ሳምንት ከአዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ስድስቱን ሥዕሎች እያዞርን አረምን፤ ጥቁሩን ቀነስን፣ ምሳሩን በነጭ ሸፍነን መቀስ ሣልንበት፣ ቀለበቶቹን እኔ በብርጭቆ አፍ እየለካሁ አከበብኳቸው። ድንቅ ክብ ነበሩ። በመጨረሻ አዲሱን የቢጫ ቆርቆሮ ይዤ ኡኬ ወረድኩ። ቀበሌው ጽሕፈት ቤት በሩ ክፍት ነው፤ ማንም የለም፤ ከግድግዳው አጠገብ በርጩማ ተቀምጧል፣ ሰው ወጥቶበት እንደነበር ያስታውቃል። ሥዕሌ ላይ ምሳሩና ነጥቦቹን ያገናኘሁበት ጥቁር በኖራ ጠፍቷል። ከጥቁሮቹ ነጥቦች ዙሪያ ቢጫ ቀለበት አለ። ጠጋ ብዬ አሸተትኩት፤ እርድ ነው፤ እርድ በዘይት ተበጥብጦ፣ በጣት የተቀባ። ለመንገድ ማዶ ሰው አይታይም። ቅጠል ይዞ ለመጣ ሰው ግን፣ ወደ ውስጥ ጠንከር ብሎ ወደ ዳር እየሳሳ፣ የት እንዳለቀ ሳይታወቅ እየደበዘዘ የሚሄደው እንዴት እንደሆነ በትክክል ያሳያል። እኔ በብርጭቆ አፍ ለክቼ ያከበብኳቸው አንዳቸውም እንደዚያ አልነበሩም።

የቆርቆሮውን ክዳን ልከፍት መፍቻዬን አውጥቼ ነበር። መልሼ ኪሴ ከተትኩትና ቆርቆሮውን እንደታሸገ ይዤ ወደ መኪናው ሄድኩ።